የኦይገን ሩኦፍ አርባ አንድ ሰከንድ

የኦይገን ሩኦፍ ማሽን በደቂቃ ሠላሳ ሺህ ጊዜ ይዞራል። ኦይገን ራሱ ግን ከማሽኑ እስከ መለኪያ ክፍሉ መስኮት ያለውን ሠላሳ ስምንት እርምጃ ለመጨረስ አርባ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል። ይህን ቁጥር እሱ አያውቀውም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ሲመላለስ ቆጥሮት አያውቅም። የቆጠረለት ከሐምቡርግ የመጣው ዶክተር ቲልማን ፎስ ነው፤ ከቆጠረም በኋላ አርባ አንዱን ሰከንድ ወሰደበት።

ከተማዋ በዳኑብ ላይኛው ዳርቻ፣ ወንዙ ገና ልጅ ሳለ የሚያልፍባት ናት። እዚያ ከሦስት ሰው አንዱ የሐኪም መቀስና ወረንጦ ይሠራል፤ የቀሩት ሁለቱ የተሠራውን ይለካሉ። ኦይገን ከሚሠሩት ወገን ነው። ስድሳ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት የሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሰማያዊ የሥራ ካፖርቱን እሑድ ብቻ የሚያወልቅ የሚመስል ሰው ነበር። ሚስቱ ጌርሊንደ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ተራው ደርሶ የበሩ እጀታ ላይ የሳምንቱ ጠራጊ ሰሌዳ በተንጠለጠለ ቁጥር የሕንጻውን ደረጃ ቅዳሜ ጠዋት ይጠርጋል፤ ደረጃው ንጹሕ ከሆነም ንጹሑን ይጠርጋል። ንግግር አያበዛም። በዚያ አገር ሰው ዝም ካለ ረክቷል ማለት ነው፤ «መጥፎ አይደለም» ካለ ደግሞ እንባው ሊመጣ ጥቂት ቀርቶታል።

ብረቱ የመጣው በፈረንጆቹ 1992 መጸው ነው። የፋብሪካው ባለቤት፣ ሁሉም ሽማግሌው እያሉ የሚጠሩት ሰው፣ ከኒኬልና ከቲታኒየም የተቀላቀለ አንድ እቅፍ ዘንግ ይዞ ገባ። ብታጣምመው ይጣመምልሃል፤ ሞቅ ሲለው ግን የቀድሞ ቅርጹን አስታውሶ ይመለሳል። ከእሱ የተሰበረ አጥንት የሚያያይዝ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ባለ አራት እግር መቆንጠጫ ይሠራ ተባለ። ውድ ስለነበረ ሁሉም በቀስታ፣ እንደ እንቁላል ቆረጡት። ብረቱም በስለቱ ሥር እየጠነከረ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ስድስት ስለት በላ።

ኦይገን አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተናደደ። ቤቱ ደረጃ የሚጠረግበት ሳምንት ነው፤ ማሽኑ ላይ ደግሞ ሰባተኛው ስለት እያለቀሰ ነው። ስለቱ ይሰበርና ልሂድ ብሎ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ስለቱ አልተሰበረም። ከብረቱ የተላገው ፍቅፋቂ እንደ ክር እየተንቆረቆረ ወረደ፤ ሙቀቱም ከፍቅፋቂው ጋር ሄደ፤ ቁራጩ በማቀዝቀዣው ዘይት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ አብረቅርቆ ቀረ። ሽማግሌው መጥቶ አየ፣ ምንም ሳይል ወጣ። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ቅቤ የተቀባ ብሬትሰል የሚሉት ጥምዝ ዳቦ ተቀምጦ ነበር። ኦይገን ከዚያ የበለጠ ሽልማት በሕይወቱ አልተቀበለም፤ ወረቀቱን እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አኑሮታል።

ያን ዓርብ የመጀመሪያውን ቁራጭ በጭብጡ ይዞ ወደ መለኪያ ክፍሉ ሄደ። መለኪያ ክፍሉ ክረምት ከበጋ ሃያ ዲግሪ ሙቀት ብቻ ያለበት የመስታወት ክፍል ነው። ውስጡ ሂልትሩድ ማውተ፣ በነሐሴ ሙቀትም ቢሆን የሱፍ ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣለች።

«ምን አመጡልኝ?» አለችው በመስኮቷ።

«እንጃ። ይሄ ብረት መዳበስ አይወድም፤ ሳያስታውስ መቁረጥ ነው» አላትና መዳፏ ላይ አኖረላት።

ለካችው። ትክክል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቁራጭ በጭብጡ ያመጣል፣ መዳፏ ላይ ያኖራል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመለስለታል። በቀን ሃያ ዓረፍተ ነገር። ስለ እሷ የበለስ ዛፍ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ በረዶው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ተባብለው፣ «አቶ ሩኦፍ» እና «ወይዘሮ ማውተ» እንደተባባሉ ቆዩ። ጌርሊንደ ከሞተች በኋላ ኦይገን ቅዳሜና እሑድ ከማንም ጋር ስለማይነጋገር፣ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ ድምፁ ዝጎ ይወጣል። ሂልትሩድ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ ሁለተኛውን ቁራጭ እስኪያመጣ ድምፁ ይመለሳል።

ከዚያ ሽማግሌው ሞተ፣ የልጅ ልጁ ባለቤት ሆነ፤ የልጅ ልጁም ዶክተር ፎስን አመጣ።

ዶክተር ፎስ የመጣው የኦይገንን እውቀት ሊያድን ነው። ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣል፣ እውቀቱ ግን ፋብሪካው ውስጥ ይቅር ተባለ። ከኦይገን ጀርባ ካሜራ ተተከለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የኦይገን ጀርባ ተቀረጸ። ከዚያ መቶ ስድሳ ሦስት ገጽ ሰነድ ወጣ። ስለቱን እንዴት እንደሚያስር፣ ዘይቱን በየት በኩል እንደሚረጭ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚያስነጥስ ሁሉ ተጽፏል። ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ በቀይ፦ «ጉዞ፣ አርባ አንድ ሰከንድ፣ ብክነት።»

ዶክተሩ ሰነዱን ይዞ መጣ። «አቶ ሩኦፍ፣ ማሽንዎ በደቂቃ ስንት ጊዜ ነው የሚዞረው?»

«ሠላሳ ሺህ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አልዞርም። እሄዳለሁ።»

«ዋናው ችግር እሱ ነው። ቁራጩን ለምን በእጅዎ ይይዙታል?»

ኦይገን አሰበ። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም። «እጄ ባዶውን እንዳይሄድ ነዋ» አለ።

ዶክተሩ ይህን አልጻፈውም።

በመስከረም ከማሽኑ እስከ መለኪያ ክፍሉ የሚዘረጋ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ተገጠመ። ስሙ «ፈጣኑ መስመር» ተባለ። በወረቀት ኩባያ የወይን ጠጅ ተቀዳ፣ ባለቤቱ ንግግር አደረገ፣ አንዲት ሴት ሪባን ቆረጠች፤ መቀሱ የከተማዋ ስለነበረ በአንድ ጊዜ ቆረጠ። ለኦይገን ወፍራም ጓንት ተሰጠው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተዘግቶ ቀበቶው የሚገባበት ስንጥቅ ብቻ ቀረ። ቁራጩ መለኪያ ክፍል ለመድረስ ዘጠኝ ሰከንድ ይበቃዋል። የተረፈው ሠላሳ ሁለት ሰከንድ፣ በሃያ ተባዝቶ፣ በዓመት ተባዝቶ፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቀለ። ኦይገን በየቀኑ የሚተርፍለትን አሥር ደቂቃ ተኩል ቀበቶውን እያየ ያሳልፈው ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ቁራጭ ሄደ። አሥራ ዘጠኙ ተጣለ።

የመቆንጠጫዎቹ እግሮች በሚሊሜትር ሦስት መቶኛ ተከፍተው ነበር። ሦስት መቶኛ ማለት ከፀጉር ያነሰ ነው፤ እዚያች ከተማ ግን በዚህ ምክንያት ሰዎች ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ያቋርጣሉ። ዶክተር ፎስ አልደነገጠም። ግድግዳ ላይ የትልቅ ዓሣ አጽም ሣለ፤ በእያንዳንዱ አጥንት ላይ አንድ ሊሆን የሚችል ምክንያት ይጽፋል። ስለቱ። ዘይቱ። የብረቱ አቅራቢ። የአየሩ እርጥበት። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው አርባ ሰባት አጥንት አወጣ፤ ቁራጮቹ አሁንም ይጣላሉ።

«ፍጥነቱን ይቀንሱት» አለ ዶክተሩ።

«ይጠነክራል።»

«ማነው የሚጠነክረው?»

«ብረቱ። በቀስታ ሲነኩት ይከፋዋል።»

«ሰነዱ ላይ የለም» አለ ዶክተር ፎስ፣ ሰነዱን ራሱ እንዳልጻፈው። ፍጥነቱ ተቀነሰ። እስከ ሦስት ሰዓቱ የቁርስ እረፍት ሁለት ስለት አለቀ። ኦይገን ጉበት የተቀላቀለበትን የሥጋ ጥፍጥፍ በዳቦ እየገመጠ ቆጠራቸውና፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ፍጥነቱን መለሰው።

በጥቅምት አጋማሽ ባለቤቱ ቢሮው አስጠራው። ወጣቱ ሰው ደግ ነው፤ ክፉ ወሬ ከማውራቱ በፊት ብስኩት ያቀርባል።

«አቶ ሩኦፍ፣ ባዝል ያሉት ደንበኞቻችን ትዕግሥታቸው አልቋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ትክክለኛ ሃምሳ ቁራጭ ካልላክን ሥራው ከእኛ ይወጣል። ያኔ ማሽኑን መሸጥ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎን ማን ይጥልዎታል! ዕቃ ግምጃ ቤት ጓንት የሚያድል ሰው ያስፈልገናል። ቀላል ሥራ ነው። ወንበር አለው።»

ኦይገን ወንበሩን አሰበው። ግምጃ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ከመለኪያ ክፍሉም ሁለት ፎቅ ይርቃል። ብስኩቱን ሳይነካ ተነሣ። ያን ሳምንት ሰኞ የዛገው ድምፁ ማክሰኞም አልተመለሰም፤ የሚያሟሽበት ሰው አልነበረምና።

ረቡዕ ፈጣኑ መስመር ቆመ። አልተበላሸም፤ የአገልግሎት ቀኑ ስለደረሰ፣ ደኅና እየሠራ ሳለ ሊጠገን ነው የቆመው። ጓንቱ የመስመሩ ንብረት ተብሎ የተመዘገበ ስለነበር መስመሩ ሲቆም ጓንቱም ለጥገና ተሰበሰበ። ከመስኮቱ ላይ ቆርቆሮው ተነሣ። ኦይገን ከዘይቱ ያወጣውን ቁራጭ ጠርጎ በጭብጡ ያዘና፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠላሳ ስምንቱን እርምጃ ሄደ።

«ኖረዋል ለካ» አለችው ሂልትሩድ።

«እንዳሉት ነው» አለ። ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ። መዳፏ ላይ አኖረላት።

ለካችው። እንደገና ለካችው።

«አቶ ሩኦፍ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«ምንም።»

«ልክ ነው። ልክክ ያለ ነው።» ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው የተጣለ ቁራጭ ሣጥን አንዱን አነሣች። «ይሄ የትናንትናው ነው። ሦስት መቶኛ ተከፍቷል። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ስለት ነው የሠሩት?»

«በዚያው።»

የተጣለውን ቁራጭ በእጇ እንደያዘች መስኮቱ ላይ ተደገፈች። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ዳገት ላይ ይናገራል። በለሱስ?»

«ዘንድሮ አሥራ አንድ ፍሬ አፈራ። ዘጠኙን ወፍ በላው። ሁለቱን አስቀምጬልዎት ነበር፤ መስኮቱ በቆርቆሮ ስለተዘጋ እኔው በላኋቸው።»

«ጣፈጡ?»

«ተናድጄ ስለበላኋቸው አላስታውስም።»

ከዚያ ዓይኗ ወደ ጭብጧ ወረደ። ጣቶቿን ዘረጋች። ቁራጩን ወስዳ መለኪያው ላይ አኖረችው። ኦይገን በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት አይቶታል፤ እንዲህ ሆኖ ግን አላየውም።

«ተመልሷል» አለች። «እግሮቹ ተመልሰዋል። ሃያ ዲግሪ ለዚህ ብረት ብርድ ነው፣ አቶ ሩኦፍ። ማሽኑ ሲያስረው እግሩ በጥቂቱ ይከፈትና፣ በዘይቱ ቀዝቅዞ እንደተከፈተ ይቀራል። በቀበቶው ሲመጣ እንደተከፈተ ነው የማገኘው። በእርስዎ እጅ ሲመጣ ግን መንገድ ላይ ይሞቃል። ቅርጹን ያስታውስና ይመለሳል። አንዴ ከተመለሰ ቢቀዘቅዝም አይከፈትም።»

«አርባ አንድ ሰከንድ» አለ ኦይገን።

«አርባ አንድ ሰከንድ» አለች ሂልትሩድ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ የኖረውን ሥራ ያን ጊዜ አወቀው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን የሚቀጥለውን አሰበ።

«ብንነግራቸው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማሞቂያ ይገዛሉ። ቀበቶው ሥር ይገጥሙታል።»

«ይገጥሙታል።»

«ባንነግራቸው ማሽኑን ይሸጡታል።»

«ይሸጡታል።»

ሁለቱም የቆመውን ቀበቶ ተመለከቱ። አንድ ሠራተኛ በሆዱ ተኝቶ፣ ያልተበላሸውን ብሎን በጥንቃቄ እየፈታ ነው።

«አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሆነ ቦታ እየጠበቀ ነው» አለ ኦይገን በመጨረሻ። «ልንገራቸው።»

«እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። ሹራቧን ቆልፋ ከመስታወት ክፍሉ ወጣች።

ስብሰባው ዓሣው በተሣለበት ክፍል ነበር። ኦይገን ነገሩን በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ከመለኪያ ክፍሉ መስኮት ውጪ ለእሱ የሁለት ሳምንት ንግግር ነው። ሂልትሩድ ሃምሳ የተጣሉ ቁራጮችን አንድ በአንድ በእጇ አሙቃ ለክታ ነበርና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሃምሳውም ልክ ናቸው። ባለቤቱ ብስኩት አነሣ። ዶክተር ፎስ ዓሣውን ከራሱ እስከ ጭራው ተመለከተው፤ ከአርባ ሰባቱ አጥንት በአንዱም ላይ እጅ የሚል የለም።

«ማሞቂያ ሳህን እናዛለን» አለ ዶክተሩ ሲነቃ። «ነገውኑ።»

«ጥሩ» አለች ሂልትሩድ። «አካል ውስጥ ለሚገባ ዕቃ ስለሆነ ግን የእኔ ክፍል ሳህኑን መርምሮ ማጽደቅ አለበት።»

«ስንት ጊዜ ይወስዳል?»

ሂልትሩድ ጣሪያውን አየች። «አሥራ አራት ወር።»

ማንም አልተቃወመም። በዚያች ከተማ የምርመራ ጊዜ ይጠር ብሎ የተከራከረ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ኦይገን ብቻ አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ካቻምና አንድ የሙቀት መለኪያ በሦስት ሳምንት አጽድቃ ነበር። ሌላም ነገር ትዝ አለው፦ እሱ ጡረታ ለመውጣት የቀረው አሥራ ሦስት ወር ነው። ቀና ብሎ አያት። እሷ እስክሪብቶዋን እያጸዳች ነበር።

«እስከዚያስ?» አለ ባለቤቱ።

«እስከዚያ» አለ ዶክተር ፎስ እየመረረው፣ «ጊዜያዊ እርምጃ። እጅ። ግን እጁ በልኩ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ የመለኪያ ክፍል ዕቃ ነው። ቁጥር ያስፈልገዋል። መዝገብ ያስፈልገዋል።»

መዝገቡም እዚያው ተሞላ። የዕቃው ቁጥር 0417። የዕቃው ዓይነት፦ እጅ፣ ቀኝ። የሥራ ሙቀት፦ ከሠላሳ እስከ ሠላሳ አምስት ዲግሪ። የማከማቻ ቦታ፦ የካፖርት ኪስ።

«አምራች?» አለ ዶክተር ፎስ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«እናቴ» አለ ኦይገን።

ዶክተሩ ጻፈው፤ መልሶ ሰረዘውና «የውጭ አቅራቢ» አለው።

«የፍተሻ ጊዜ?»

«በየጠዋቱ» አለች ሂልትሩድ። «የሰው እጅ ከቀን ቀን ይለያያል። መርማሪው እጁን ይዞ፣ የሙቀት መለኪያውን በሁለቱ መዳፍ መካከል ሁለት ደቂቃ ማቆየት አለበት። ከዚያ ባነሰ የሚታመን ቁጥር አይገኝም።»

«መርማሪው ማነው?»

«በመለኪያ ክፍሉ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሃምሳው መቆንጠጫ ወሩ ሳያልቅ ባዝል ገባ። ፈጣኑ መስመር አልተነሣም፤ ሪባን የተቆረጠለት ነገር ስለሆነ በየሦስት ወሩ እየቆመ ይጠገናል፣ ባዶውንም በዘጠኝ ሰከንድ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የተረፈ ሰከንድ ቁጥርም እየጨመረ ነው፤ የሚያወርደው ሰው ማን እንደሆነ ሰነዱ ላይ የለም።

በኅዳር የመጀመሪያ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኦይገን ማሽኑን ሳይከፍት ወደ መስኮቱ ሄደ። እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቧል። ሂልትሩድ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቀጭኑን የሙቀት መለኪያ መዳፉ ላይ አስተኛች፣ ከዚያ የራሷን መዳፍ ደረበችበትና ጣቶቿን አጠፈች። የእሷ እጅ ከሃያ ዲግሪው ክፍል የመጣ ነውና ቀዝቃዛ ነበር። ኦይገን አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሰኞ መሆኑና ድምፁ እንደሚዝግ ትዝ ብሎት ዘጋው።

ሁለት ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው። ማሽኑ ቢሆን ስድሳ ሺህ ጊዜ ዞሮ ነበር።

«ሠላሳ ሁለት ነጥብ አራት» አለች።

«ደኅና ነው?»

«መጥፎ አይደለም» አለችው።

ከመሳቢያዋ ትንሽ ክብ ተለጣፊ አወጣች። ቁጥሩና የተፈተሸበት ቀን ተጽፎበታል። መለኪያ ዕቃዎች ሁሉ ላይ የሚለጠፍ ነው። የካፖርቱ እጅጌ ላይ ለጠፈችለትና በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ከዚያ መመሪያውን ገለጠች፤ ራሷ የጻፈችው መመሪያ ነው፤ ቢሆንም መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«አንድ ነገር አለ፣ አቶ ሩኦፍ። መርማሪው ጥርጣሬ ካለው ፍተሻውን መድገም ይችላል ይላል።»

«ጥርጣሬ አለዎት?» አላት። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አለኝ» አለችና ሰዓቷን መልሳ አስጀመረች።